ሳይነበብ አይነካም

የምሥራች! ሰባ ስምንት ከመቶ!

«ምስር ብላ» ማለቱን በኋላ ታደርሱታላችሁ፤ መጀመሪያ ስሙኝ። ማለፊያው ስልሳ ነበር። ስልሳ ብታመጣ እንኳ እልል ልንል ተዘጋጅተን ነበር፤ እሷ ግን ዐሥራ ስምንት ነጥብ ትርፍ ይዛ መጣች። ውጤቱን ካየሁ ገና ግማሽ ሰዓቴ ነው፤ እግሬ መሬት አልረገጠም። ለባለሱቁ ነግሬዋለሁ፤ ለዳቦ ቤቷ ነግሬያታለሁ፤ የውኃ ቆጣሪ ሊያነብ ለመጣው ሰውዬም ነግሬዋለሁ። እሱ እንኳ የማን እንደሆነ ሳይጠይቅ «እንኳን ደስ አላችሁ» ብሎኝ ሄደ።

ውጤቱ የጎረቤቴ የምሥራቅ ነው። ታሪኩ ግን የጋሽ ተክለማርያም ነው፤ ስለዚህ ከእሳቸው መጀመር ግድ ነው።

በዚህ አገር ያለ እሳቸው ዓይነት ሰው የቆመ ሰፈር የለም። ሰፈር ሲቆረቆር መጀመሪያ ውኃ ይገባል፣ ቀጥሎ ዕድር ይቋቋማል፣ ከዚያ «ወረቀቱ የት አለ?» የሚል ሰው ተከራይቶ ይገባል። እኛ ሌሎቻችን ዕቃ ስንገዛ ካርቶኑን በጥርሳችን ቀድደን፣ ሶኬት ላይ ሰክተን፣ እምቢ ሲለን በመዳፋችን ጠፍጠፍ አድርገን፣ አሁንም እምቢ ካለ ያን ጊዜ ወረቀቱን እንፈልጋለን። ወረቀቱ ግን በዚያ ሰዓት የሹሮ መጠቅለያ ሆኗል። እነዚህ ሰዎች ካርቶን የሚከፍቱት ለወረቀቱ ብለው ነው። ዕቃው ለእነሱ የወረቀቱ ማሸጊያ ነው።

ክቡር ጋሽ ተክለማርያም፣ በእኛ ግቢ ማዕረጋቸው ሊቀ ማኑዋል፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የአንድ ቆርቆሮ ፋብሪካ መጋዘን ኃላፊ ነበሩ። በእነዚህ ዓመታት አንዲት ብሎን ያለ ሰነድ ከእጃቸው አልወጣችም። ጡረታ ሲወጡም የራሳቸውን መሸኛ ደብዳቤ ሁለት ቦታ አርመው «በድጋሚ ይጻፍ» ብለው እንደመለሱት በግቢው ይነገራል። ፋብሪካውን ተሰናበቱ እንጂ መጋዘኑን አልተሰናበቱም፤ ቁልፉን ይዘው ወደ እኛ መጡ። ሕጋቸው አንዲት ናት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ አመልካች ጣታቸውን ቀና አድርገው ይናገሯታል። «ሳይነበብ አይነካም።»

ባለፈው ክረምት ጃንጥላ ገዙ። የጃንጥላው ወረቀት በኃይለኛ ንፋስ እንዳይዘረጋ ይላል። ነሐሴ ላይ፣ ያ ሁሉ ዝናብ ከነንፋሱ ሲወርድ፣ ጋሽ ተክለማርያም ጃንጥላውን በብብታቸው ሸጉጠው ከአየር ጤና እስከ ኮልፌ ቤታቸው በእግራቸው መጡ። ልብሳቸው ቢጨመቅ አንድ ባልዲ ይሞላ ነበር። ባለቤታቸው ዋጋነሽ በር ላይ ፎጣ እያቀበለች፣ ጃንጥላው እንኳን አልረጠበ፣ ተመስገን አለች።

የዕድሩንስ ምድጃ ማን ይረሳዋል? ዕድራችን አዲስ የጋዝ ምድጃ ገዛ፤ በማግሥቱ ለቅሶ ወጣ፤ ድንኳን ተተከለ፤ ሻይ ይፈላ ተባለ። ጋሽ ተክለማርያም የዕድሩ ጸሐፊ ናቸውና ወረቀቱን ጠየቁ። ወረቀቱ ከዳር እስከ ዳር በቻይንኛ ነው። ሳይነበብ አይነካም! ስለዚህ መንገድ ወደሚሠሩት ቻይናውያን መልእክተኛ ተላከ፤ ለቀስተኛው ቀዝቃዛ ውኃ እየጠጣ ሟቹን አመሰገነ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ቻይናዊው መጣ፤ አነበበ፤ ሳቁን መያዝ አቃተው። ለካ ወረቀቱ የምድጃ ሳይሆን የፀጉር ማድረቂያ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን በኀፍረት ድንኳኑን ለቆ ይወጣ ነበር። ጋሽ ተክለማርያም ግን ዞር ብለው ለቀስተኛውን አዩትና፣ በዚህ ወረቀት ተመርታችሁ ብትለኩሱትስ ኖሮ አሉ። 

ዋጋነሽ ስለ ባሏ ስትጠየቅ የምትለው አላት። «ሳያነብ የገባበት ነገር ቢኖር እኔ ነኝ። አርባ ዓመት ሙሉ እያነበበኝ ነው፤ ገና መግቢያው ላይ ነው።»

እንግዲህ ምሥራቅ ዘንድ እንድረስ። ምሥራቅ በግቢያችን በሩ አጠገብ ባለችው ክፍል የምትኖር የአርባ ሦስት ዓመት ሴት ናት። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ መዋዕለ ሕፃናት ሞግዚት ሆና አፍንጫ ጠርጋለች፣ የጫማ ክር አስራለች፣ ሱሪ ቀይራለች። መምህር በቀረ ቁጥር ጠመኔ ይዛ ሀ ሁ የምታስቆጥረው እሷ ናት፤ ልጆቹም «ቲቸር» የሚሏት እሷን ነው። በወረቀት ግን ሞግዚት ናት። ዘንድሮ ርእሰ መምህሯ ጠርታ፣ በመስከረም አንድ ክፍል መምህር እንደሚለቅ፣ ዲፕሎማዋን እስከ ሰኔ ካመጣች ክፍሉ የእሷ እንደሚሆን፣ ካላመጣች ማስታወቂያ እንደሚወጣ ነገረቻት። ምሥራቅ በርቀት ስትማር ሦስት ዓመቷ ነው፤ አንድ ፈተና ብቻ ነው የቀራት።

ፈተናው ግን ዘንድሮ በኮምፒውተር ሆነ። ኮሌጁ ያወጣው ማስታወቂያ ቁርጥ ያለ ነው። በስልክ አይቻልም። ካሜራ ያለው ኮምፒውተር ያስፈልጋል። ፈተናው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ተፈታኙ እስከ ዓርብ ዐሥራ አንድ ሰዓት ድረስ በገጹ ገብቶ ስሙን ማስመዝገብ አለበት፤ ያላስመዘገበ ለከርሞ።

ምሥራቅ አሮጌ ላፕቶፕ ልትገዛ ወሰነች፤ ዕቃ የሚያውቅ ሰውም ይዛ ልትሄድ። እኔ መከርኳት። ጋሽ ተክለማርያምን ይዘሽ እንዳትሄጂ፤ ዕቃው ሳይገዛ ያረጃል፤ ቀድሞውንም አሮጌ ነው የምትገዢው አልኳት። ሰማችኝና ይዛቸው ሄደች።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው። አየር ጤና፣ ከታክሲ መናኸሪያው ፊት ለፊት፣ አህመድ የሚባል ያገለገለ ላፕቶፕ የሚሸጥ ጨዋ ነጋዴ አለ። ሱቁ ጠባብ ናት፤ ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው ደጅ ቆሞ ይገዛል። ምሥራቅ ስልክ ደውላ የአንዱን ላፕቶፕ ሞዴል ጠይቃ ነበርና፣ ጋሽ ተክለማርያም ስለ ሞዴሉ የተጻፈውን ሁለት ገጽ ኢንተርኔት ቤት አሳትመው፣ በቀይ እስክሪብቶ አስምረው ነው የገቡት። ራም አራት፤ ትክክል። ሃርድ ዲስክ አምስት መቶ፤ ትክክል። ካሜራ አለው፤ ሦስት ዩኤስቢ ቀዳዳ አለው፤ ቀዳዳዎቹን በጣታቸው እየነኩ ቆጠሯቸው። የመስታወቱን ስፋት ከጥግ እስከ ጥግ በሜትር ለኩት። አህመድ እስከዚህ ድረስ ፈገግ እያለ ታገሠ።

ከዚያ ጋሽ ተክለማርያም ከፌስታላቸው የወጥ ቤት ሚዛን አወጡ።

«ጋሼ፣» አለ አህመድ፣ «ላፕቶፕ ነው እኮ የምሸጠው፤ ሥጋ ቤት መሰሎት?»

እሳቸው አልመለሱለትም። ላፕቶፑን በሁለት እጃቸው ሚዛኑ ላይ አኖሩት፤ መነጽራቸውን አወረዱ፤ ወረቀቱን አዩ፤ ሚዛኑን አዩ። ወረቀቱ ሁለት ኪሎ ከሁለት መቶ ይላል። ሚዛኑ ሁለት ኪሎ ከሠላሳ ይላል።

«መቶ ሰባ ግራም የት ሄደ?»

አህመድ ሳቀ። ደጅ የቆመው ሰው ሳቀ። ምሥራቅ መሬት ተከፍቶ ቢውጣት ደስ ባላት። ጋሽ ተክለማርያም ግን መጋዘን ቆጠራ ላይ ናቸው። ላፕቶፑን እያገላበጡ ጎኑን በጥፍራቸው ቆረቆሩት፤ አንዱ ጎን ባዶ ጣሳ ድምፅ ሰጠ። ያንን ጎን ሳብ ሲያደርጉት ስስ ፕላስቲክ ብቻ ወጣ። ሲዲ ማጫወቻው የለም፤ አንዱ ቀድሞ ነቅሎ ወስዶታል፤ የቀረው ክዳኑ ነው። አህመድ ደነገጠ፤ እሱም ከሌላ ሰው እንዲህ ሆኖ እንደገዛው በወላሂ ማለ፤ ከመሳቢያው ሌላ አውጥቶ ገጠመለት። እንደገና ተመዘነ። ሁለት ኪሎ ከመቶ ዘጠና ስምንት። ጋሽ ተክለማርያም ሁለቱን ግራም ይቅር አሉ። አህመድ ከዚያ ቀን ወዲህ «ኢንስፔክተር» እያለ ይጠራቸዋል፤ ለራሱም ሚዛን ገዝቷል ይባላል።

ይሄኔ እኔ ምክሬን ዋጥኩ።

ሐሙስ ጠዋት ዕቃው ሥራ የሚጀምርበት ቀን ነው። ሌሊቱን ቻርጅ ሲደረግ አድሯል። ጋሽ ተክለማርያም እጃቸውን በሳሙና ታጥበው፣ ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ጨርቅ አስነጥፈው፣ መዝገበ ቃላታቸውን በቀኝ አስቀምጠው ተቀመጡ። ምሥራቅ የማብሪያውን ቁልፍ እንድትጫን ተፈቀደላት። ማሽኑ አቃሰተ፤ ከዚያ ጥቁር ገጽ ላይ ነጭ ጽሑፍ መጣ። ጽሑፉ ቀንና ሰዓት አልተሞላም ይላል። ላፕቶፑ አሮጌ ነውና፣ ጠፍቶ ሳለ ሰዓት የምትቆጥርለት ውስጡ ያለችው የሳንቲም መጠን ያላት ባትሪ ሞታለች። ሌላው ሰው እዚህ ላይ ይከፋው ነበር፤ ጋሽ ተክለማርያም ፊታቸው በራ።

«ይሄ ዕቃ አስተዳደግ አለው» አሉ። «ከሁሉ በፊት የጠየቀው ቀን ነው።»

በእሳቸው ዘመን ቀን ያልተጻፈበት ሰነድ ጨርቅ ነው። ቀኑ የተሳሳተበት ደግሞ ሌብነት። ስለዚህ ጊዜ ሰጡት። ገጹ የሚቀበለው ቁጥር ብቻ ነው። ወሩን በጣታቸው ቆጠሩ፤ ከመስከረም ተነሥተው ግንቦት ላይ ሲደርሱ ዘጠኝ ሆነ። ዘጠኝ ብለው ሞሉ። ቀኑን ሰባት። ዓመተ ምሕረቱን ሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት። ሰዓታቸውን አዩ፤ ያቺን የእጅ ሰዓት ሁልጊዜ ጠዋት ከሬዲዮው ጋር ያስተካክሏታል። ሦስት ሰዓት ከዐሥራ ሁለት። ሞሉ። ማሽኑ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ተቀበላቸው።

የቀረው ሁሉ በደንቡ ሄደ። ማሽኑ አገር ጠየቀ፤ ተሰጠው። የባለቤት ስም ጠየቀ፤ ምሥራቅ ገብረአምላክ ተብሎ እስከ አባቷ ተሞላ። የይለፍ ቃል ጠየቀ፤ ጋሽ ተክለማርያም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ምሥራቅ ሞልታ ሌላ ቅጂ በፖስታ አሽጋ እንድታስቀምጥ አዘዙ። መጨረሻ ላይ ማሽኑ ሰዓቱን ራሱ ከኔትወርክ እየወሰደ ያስተካክል እንደሆነ ጠየቀ። ይሄን በጥብቅ ከለከሉት፤ ንብረት ራሱን አይቆጥርም አሉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምሥራቅ ስሟን ጻፈችበት። ግቢው አጨበጨበ። ያን ዕለት ወደ ኮሌጁ ገጽ ልትገባ ስትል ደግሞ ከለከሏት፤ አዲስ ሥራ የጀመረ ዕቃ በመጀመሪያው ቀን ጭነት አይጫንበትም።

ዓርብም ምሥራቅ ከሥራ አስፈቅዳ በምሳ ሰዓት መጣች። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሁላችንም ጠረጴዛውን ከብበን፣ ከስልኳ ኢንተርኔት ወደ ላፕቶፑ አገናኝታ የኮሌጁን ገጽ ከፈተች። ገጹ አልመጣም። የመጣው ማስጠንቀቂያ ነው። ጋሽ ተክለማርያም መዝገበ ቃላቱን ከፍተው ቃል በቃል ተረጎሙት። ሲጨርሱ ፊታቸው ተለወጠ።

«ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል ይላል።»

 ለጋሽ ተክለማርያም ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል ማለት ለቄስ ዳዊት አይደግሙም እንደማለት ነው። የእጅ ሰዓታቸውን ከማሽኑ ጎን አስቀመጡት። ስምንት ከአርባ፤ ስምንት ከአርባ። ሌላ ምስክር ጠየቁ። ምሥራቅ ስልኳን አየችና ስምንት ከአርባ ነው አለች። እኔም የእኔን አየሁና ስምንት ከአርባ አልኩ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ስልኮቻችን ላይ የተጻፈው ሁለት ከአርባ ነው! ዓይናችን ሁለት ያያል፣ አፋችን ስምንት ይላል፤ ዕድሜ ልካችንን እንዲሁ ኖረናል፤ ማንም ልብ አላለም።

ማሽኑ ዋሾ ነው ተባለ። ኔትወርኩ ነው ተባለ። ላፕቶፑን ይዘን ወጥተን በውኃ ሮቶው ጎን ሞከርን፣ በሩ ላይ ሞከርን፣ ዋጋነሽ ጓዳ ሞከርን። ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል። አህመድ ጋ ተደወለ፤ ሶላት ላይ ነበር፤ ሲወጣ መልሶ ደወለና አጥፉና አብሩት አለ። አጠፋን፤ አበራን። አሮጌ ነውና ለመነሣት ሰባት ደቂቃ ይፈልጋል፤ እንደ ሽማግሌ ጉልበቱን ይዞ ነው የሚነሣው። ተነሣ። ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል። ኮምፒውተር ኪራይ ቤት ልንሮጥ አሰብን፤ ካሜራ ያለው ያገኘነው አንድ ቤት ነው፤ እሱም ዛሬ ሰልፉ አይደርሳችሁም አለን።

ዐሥር ሰዓት ሆነ። ምሥራቅ ደብተሮቿን ሰበሰበች። አላለቀሰችም። የደረጃው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን አቀፈችና፣ «ግዴለም ጋሼ፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቀ ሰው አንድ ዓመት አያቅተውም» አለች። ቀስ ብላ ነው ያለችው፤ እሳቸውን ለማጽናናት።

ያ ነገር ጋሽ ተክለማርያም ላይ ከስድብ ሁሉ የከፋ ሆኖ ወደቀ። ይህች ልጅ ዕቃ የሚያውቅ ሰው ብላ ይዛቸው ሄዳለች። እሳቸው ሚዛን ይዘው፣ ሜትር ይዘው፣ ስንቱን አይተው፣ ይኸው ደረጃ ላይ ተቀምጣ እሳቸውን ታጽናናለች። ወደ ጠረጴዛው ተመለሱ። በመጋዘን ሕግ ክርክር የተነሣበት ዕቃ ወደ ትውልድ ሰነዱ ይመለሳል። ወረቀቱን ደግሞ ሁለት ጊዜ ጨርሰውታል። የቀረ ያልተነበበ ነገር ምን አለ? ላፕቶፑን አጥፍተው ገለበጡት፤ ትልቁን ባትሪ አወጡት። ከባትሪው ሥር፣ ፀሐይ አይቶት የማያውቅ ቦታ ላይ፣ ትንሽዬ ተለጣፊ ወረቀት አለች። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ዓይናቸውን አስጠጉ። የተሠራበት ቀን ይላል።

 ከዚያ ምሥራቅን ጠርተው ዛሬ ዓመቱ ስንት እንደሆነ ጠየቋት። ሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት አለች፤ ጋሼ በጭንቀት አንድ ነገር ሆኑ ብላ እየፈራች።

«ይሄ ዕቃ የተሠራው በሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት ነው» አሉ። «ገና ያልተሠራ ዕቃ ተረክበናል።»

«ለዚህ ነዋ የማይሠራው» አለች ዋጋነሽ።

ማንም አልሳቀም፤ ምክንያቱም ጋሽ ተክለማርያም ተነሥተው ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ካላንደር ሲሄዱ ለሁላችንም ነገሩ ባንድ ጊዜ ገባን። በየቀኑ ቁጥር ጥግ ላይ፣ ማንም የማያያት፣ የፈረንጁ ቀን በትንሹ ተጽፋለች። ፈረንጅ የሠራው ማሽን በፈረንጅ ይቆጥራል። ሊቀ ማኑዋል ቀኑን በእኛ፣ ወሩን በእኛ፣ ዓመቱን በእኛ፣ ሰዓቱንም በእኛ፣ ያውም ደቂቃ ሳይዛነፍ ሞልተውለታል። ማሽኑ ወደ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ተቀምጧል። የኮሌጁ ገጽ ደግሞ ቀኑ ያልደረሰ ሰው አላስገባም ብሎ በሩን ዘግቷል።

ጋሽ ተክለማርያም ኮፍያቸውን አወለቁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በስሜ ይመዝገብ አሉ። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ሳውቃቸው ጥፋቱ የእኔ ነው ሲሉ ሰምቼ አላውቅም፤ ሲሉም እንዲህ ቀጥ ብለው ቆመው ይላሉ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ዐሥር ሰዓት ከሃያ ሁለት። ባትሪው ስለወጣ ማሽኑ ቀኑን እንደገና ረስቷል፤ ሲበራ ያው ጥቁር ገጽ መጣ፤ ያው ጥያቄ። ካላንደሩ ከግድግዳው ወርዶ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። ወሩ አምስት። ቀኑ ዐሥራ ስድስት። ዓመቱ ሁለት ሺህ ሃያ አምስት። ሰዓቱን ምሥራቅ ከስልኳ ላይ፣ እንደተጻፈው፣ ምንም ሳትደምር ሳትቀንስ አነበበችላቸው። ከዚያ ማሽኑ ሊነሣ ሰባት ደቂቃውን ጀመረ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሰባት ደቂቃ አሳልፌ አላውቅም። ዋጋነሽ ማርያምን፣ ኪዳነ ምሕረትን፣ ከዚያ ደግሞ አህመድን ጠራች።

ገጹ ተከፈተ።

ምሥራቅ ስሟን ሞላች፤ ቁጥሯን ሞላች፤ ካሜራው ፊቷን አየ። ዐሥር ከሃምሳ ሆነ። አሁን አበቃ ስንል አንድ ረጅም ጽሑፍ ወረደ፤ የፈተናው ደንብ ነው። ጽሑፉ ከላይ እስከ ታች ሠላሳ አራት ገጽ ነው። ከሥሩ ትንሽ ሣጥን አለች፤ ከሣጥኗ ጎን «አንብቤ ተስማምቻለሁ» ይላል። እናንተም እኔም እዚያ ሣጥን ላይ ስንቴ ዋሽተናል! ምሥራቅ ግን ጣቷን አንሥታ ቆመች፤ ጋሽ ተክለማርያምን አየች። ሁላችንም አየናቸው።

እሳቸው ሰዓታቸውን አዩ። ጽሑፉን አዩ። የመጀመሪያውን አንቀጽ ሊጀምሩ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያለ ሰነድ አንዲት ብሎን ያላስወጣ እጅ መዝገበ ቃላቱን ዘጋው። ከዚያ የምሥራቅን ፊት አዩና፣ እምብዛም በማይሰማ ድምፅ፣ አንዲት ቃል ተናገሩ።

«ንኪው።»

ነካችው። ዐሥር ሰዓት ከሃምሳ ስድስት ላይ «ተመዝግበዋል» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ መጣ። ግቢው ሲጮህ እሳቸው ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ ጥይት እንደሳተው ሰው ደረታቸውን ዳበሱ።

ታሪኩ እዚህ ያበቃ መስሏችሁ ይሆናል። እሳቸው ግን ሳይነበብ የተነካ ነገር ይዘው እንዴት ይተኛሉ? ደንቡን በሙሉ አሳትመው አምጥተው፣ ራት ሳይቀርብላቸው፣ መዝገበ ቃላታቸውን ይዘው ከአንደኛው ገጽ ጀመሩ፤ ይህችን ልጅ ምን ውስጥ ከተትኳት እያሉ። ሃያ ሁለተኛው ገጽ ላይ አገኙት። በፈተናው ሰዓት የሌላ ሰው ድምፅ በማሽኑ ከተሰማ ፈተናው ወዲያው ይዘጋል፤ አቤቱታ የለም። አስቡት። የእኛን ግቢ ብታውቁት። በአንድ ወገን ጋራዥ አለ፤ በሌላ ወገን ዶሮ አለ፤ በመሐል ዋጋነሽ አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ክቡር ጋሽ ተክለማርያም ግቢውን ተረከቡ። ዶሮዎቹ በቅርጫት ሆነው ዘመድ ቤት ተላኩ። ሬዲዮ ተጠቀለለ። ዋጋነሽ ቤተ ክርስቲያን ሂጂ፣ ሳትቸኩዪ ተመለሺ ተባለች። እኔ በምልክት ብቻ እንድናገር ታዘዝኩ። ጋራዡ ሄደው ላሜራ ቀጥቃጩን ኃይለ መስቀልን ለሁለት ሰዓት መዶሻህን አስቀምጥ አሉት። እሱም ለነገር የተፈጠረ ነውና በምን ማስረጃ አላቸው። ሃያ ሁለተኛውን ገጽ ወደ አማርኛ መልሰው፣ ከሥሩ የዕድሩን ማኅተም መትተው ሰጡት። ኃይለ መስቀል አንብቦ መዶሻውን አስቀመጠ፤ ወረቀቱንም ጋራዡ በር ላይ ለጠፈው፤ እስከ ዛሬ እዚያው አለ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቆራሌው ከመንገዱ ማዶ አፉን ሲከፍት ጋሽ ተክለማርያም በእጃቸው ምልክት አስቆሙት፤ አንድ አሮጌ የሻይ ማንቆርቆሪያ በነጻ ሰጥተው በሌላ መንገድ ሸኙት። ዋጋነሽ ማንቆርቆሪያው አሮጌ አልነበረም ትላለች።

ምሥራቅ ከዚያች ክፍል ስትወጣ የኮልፌ ሰማይ ራሱ ድምፁን ቀንሶ የሚጠብቃት ነበር የሚመስለው። ጋሽ ተክለማርያም በሩ ላይ፣ በርጩማ ላይ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳይንቀሳቀሱ ተቀምጠው ነበር። ውኃ እንኳ አልጠጡም፤ ጉሮሮ ድምፅ ያወጣል ብለው። ያኔ ነው እኔ፣ ምላሴን ከአንድ ጥርሴ ወደ ሌላው እያዞርኩ ዝም ብዬ የተቀመጥኩት ሰው፣ ስንት ዓመት የሳቅኩባቸው ሽማግሌ አባቴ በሆኑ ብዬ የተመኘሁት። ይህን ለማንም አልነገርኩም፤ እናንተም እንዳትነግሯቸው።

ይኸው ዛሬ ውጤቱ መጣ። ምሥራቅ ላፕቶፑን ከፍታ አሳየችኝ፤ አሳይታኝ እንደጨረሰች ማሽኑን አቅፋ ወደ ርእሰ መምህሯ በረረች። እኔ ደግሞ ወደ ጋሽ ተክለማርያም ቤት በረርኩ። የሉም! ጉዲቱ የምትባል ሴት ልብስ ማጠቢያ ማሽን ልትገዛ አስኮ ይዛቸው ሄዳለች፤ ሚዛኑንም ይዘዋል፤ ማጠቢያ ማሽን በወጥ ቤት ሚዛን እንዴት እንደሚመዝኑ እሳቸውና እግዜር ያውቃሉ። ስልካቸውን ቻርጅ ላይ ትተውት ሄደዋል፤ መቶ ሳይሞላ አይነቀልም። ዋጋነሽ ድስት ጥዳለችና ከቤት አትወጣም። ሰውየው እዚያ ማዶ ተቀምጠው፣ ምሥራቅ መምህር መሆኗን ሳያውቁ፣ የማያውቁትን ሰው ማጠቢያ እያነበቡ ነው። ይሄ ይቻላል? ደግሞ ከእኔ በፊት ሌላ ሰው ቢነግራቸው ዕድሜ ልኬን አልጽናናም። በሉ ደኅና ዋሉ። የአስኮው ታክሲ ሞልቷል፤ ረዳቱ አንድ ሰው ቀረኝ እያለ ነው፤ ያ ሰው እኔ ነኝ።